ከማንሺያ ግቢ እስከ ዛሌሼ የድንች ማሳ

ካርቱም፣ ጀሪፍ

ሰው ወደ አውሮፓ የሚሄደው ለሥራ ነው፣ ለትምህርት ነው፣ አለዚያም ሄዶ ለመቅረት ነው። እኔ ከጀሪፍ ተነስቼ ፖላንድ ድረስ የሄድኩት አንዲት አሮጊት "እሺ" እንዲሉኝ ለመለመን ነው። አብራኝ የምትኖረው ወርቅነሽ ይህን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች።

"ሰዒዳ፣ አንቺ ፖላንድ ገብተሽ ልትመለሺ? ለማን ነው የምታወሪው?"

"ወላሂ እመለሳለሁ።"

"እንግዲያው ትልቁን ብርድ ልብስ እኔ ልልበሰው፤ ስትመጪ እንጣላበታለን።"

ወርቅነሽ የጎንደር ሰው ናት። ማሾፍ ትወዳለች፤ ሲሾፍባት ግን አትወድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በፊት ረጅም ዓመት የሠራሁት ማንሺያ በሚባል ሰፈር፣ ዶክተር ኡስማን ቤት ነው። ዶክተሩ ሱዳናዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ፖላንድ ሕክምና ተምረው ሚስት ይዘው ተመለሱ። ሚስታቸው ሲት ሃሊና ይባላሉ፤ ሲት ማለት ሱዳኖች እመቤት ለማለት የሚጠቀሙበት ነው። ሲት ሃሊና እንደ ሱዳን ሴቶች ሰፊውን ነጠላ፣ ቶቡን፣ ተከናንበው ገበያ ወርደው፣ ከዓሣ ሻጩ ጋር ተጨቃጭቀው ሲመለሱ፣ ፈረንጅነታቸውን የሚያሳብቅባቸው የዓይናቸው ቀለም ብቻ ነበር። እኔ ያኔ ከወሎ ገና መምጣቴ ነው። ዐረብኛዬ "አይዋ" እና "ላ" ላይ ያበቃል። አንዷ የሌላዋን ዐረብኛ እያረመች፣ እየተሳሳቅን ተላመድን።

ጦርነቱ ካርቱም ሲገባ የዶክተሩ የስኳር መድኃኒት አለቀ። ወጥቶ መግዛት አይታሰብም ነበር። እዚያው አልጋቸው ላይ አረፉ። መቃብር ስፍራው ከተኩሱ ማዶ ስለነበር ሲት ሃሊና፣ እኔና የጎረቤት ዘበኛ ሆነን ግቢ ውስጥ ቀበርናቸው። ከፈን የሚሸጥ ሱቅ ስላልነበረ በሲት ሃሊና ነጭ ቶብ ተገነዙ፤ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ የዒድ ቶባቸው ነው። ያን ሰሞን መሣሪያ የያዙ ሰዎች በየግቢው እየገቡ፣ ትኩስ አፈር ካዩ ወርቅ አለበት ብለው ይቆፍሩ ነበር። ሲት ሃሊና ዕንባቸውን ሳይጠርጉ "ደልድዪው፤ ሙሉኽያ ዝሪበት" አሉኝ። ሙሉኽያ ለወጥ የሚሆን ቅጠል ነው፤ ውሃ ካገኘ ቶሎ ይበቅላል። ዘራሁት። በዚያ ሐዘን ውስጥ ይህ ዘዴ ከየት እንደመጣላቸው አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ ልጃቸው ማግዳ እናቷን ወደ ተወለዱበት መንደር ወሰደቻቸው፤ እኔ ወደ ገዳሪፍ ሸሸሁ። ዘበኛው ኮርዶፋን ገባ ከተባለ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። አሁን ካርቱም ሰው እየተመለሰባት ነው። እኔና ወርቅነሽም ተመልሰን፣ ጀሪፍ አንድ ክፍል ይዘን ለቀን ሠራተኞች ፉልና ወጥ እንሸጣለን። የማንሺያ ሰፈር ኮሚቴ ደግሞ በየግቢው የተቀበሩትን ወደ መቃብር ስፍራ ያዛውራል። ቤተሰብ ፈቅዶ ቦታውን ካሳየ ሟቹ በስሙ ያርፋል፤ ሰው ያልቆመለት በቁጥር ይቀበራል። ማግዳ ፈቀደች። ሲት ሃሊና ግን በስልክ "አትንኩት!" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግመው ዘጉት። ቦታውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሚስት እምቢ እያሉ ግን ጣቴን ቀስሬ "እዚህ ነው" ማለት አልቻልኩም። ማግዳ "አንቺን ፊት ለፊት ካየችሽ ትሰማለች" ብላ የጥሪ ወረቀትና ትኬት ላከችልኝ።

የፖርት ሱዳን መንገድ

ባሱ ማለዳ ተነሳ። የትኬቱ ዋጋ ድሮ ወር ሙሉ እበላበት የነበረ ገንዘብ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ የደረቀ ባሚያ ዱቄት አለ፤ ሱዳኖች ወይካ የሚሉት። ለሻይ የሚፈላ ከርከዴም ይዣለሁ። አንድ ሹራብ አለኝ፤ ወርቅነሽ "ይሄ ለፖላንድ ቀርቶ ለደሴም አይበቃም" ብላኛለች።

ከአትባራ ወዲያ በረሃ ነው፤ ከዚያ የቀይ ባሕር ተራሮች ድንጋያቸውን አግጥጠው ይመጣሉ። በየኬላው እየወረድን ወረቀት አሳየን። አንዱ ወታደር ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቴ ነው፣ ገልብጦ አየና "ያ ሐበሻ፣ ወደ አገርሽ ልትገቢ ነው?" አለኝ።

"ላ፣ ፖላንድ ደርሼ ልመለስ ነው።"

"ወደ ካርቱም?"

"ወደ ካርቱም፣ ኢንሻአላህ።"

ጓደኛውን ጠርቶ እኔን አሳየው። "ይህችን ሴት እያት፤ ከአውሮፓ ወደ ካርቱም የምትመለስ!" አለው። ከዚያ "ያላ፣ ሂጂ። ስትመለሺ ካልሲ አምጪልኝ" ብሎ ለቀቀኝ።

ፖርት ሱዳን የተጠበሰ ዓሣ በላሁ፤ በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ የሚጣፍጥ ነበር። ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባሁ፤ እህቴ ቤት ተቀምጬ ቪዛ ስጠብቅ ያየሁትን አልጽፍም። ወረፋ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዋርሶ፣ ከዚያም ባቡር

ዋርሶ ስደርስ ማግዳ ትልቅ ካፖርት ይዛ ቆማ ነበር። ሳትስመኝ በፊት አለበሰችኝ። ዓይኗ የእናቷ፣ መልኳና ቁመናዋ የአባቷ ነው፤ ሳያት ዶክተሩ የቆሙ መሰለኝና አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። የአውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ሠራተኛ መጥታ መሐረብ ሰጠችን።

ባቡሩ ወደ ምሥራቅ ሄደ። አገሩ ሜዳ ነው። ገዚራን፣ የሱዳንን ትልቁን የእርሻ ሜዳ፣ በዛፍ የሞሉት ይመስላል፤ ደግሞ ማሳው ታርሶ አልቆ ጭጋግ ተኝቶበታል። በየምሰሶው አናት ላይ የጭራሮ ክምር አየሁ፤ ማግዳን "ማን ነው ማገዶውን እዚያ የሰቀለው?" አልኳት።

ሳቀች። "የሽመላ ጎጆ ነው። በበጋ እዚህ ይፈለፍላሉ፤ ብርድ ሲመጣ በሱዳን በኩል ይወርዳሉ። እማማ ገዚራ ላይ ሽመላ ባየች ቁጥር የኔ መንደር ነው ትል ነበር" አለችኝ። እኔም ሲት ሃሊና ከመኪና መስኮት ወደ ወፍ እጃቸውን ሲያወዛውዙ አይቻለሁ፤ ሙቀቱ ነክቷቸው ነው ብዬ ነበር።

ዛሌሼ

ዛሌሼ ማለት ከጫካው ወዲያ ማለት ነው አሉኝ፤ ፖላንድ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩ መንደሮች ብዙ ናቸው። ይኼኛው በአንድ ቀጭን የአስፋልት መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቤቶች ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ጓሮ፣ ከጓሮው ጀርባ ድንችና አጃ የሚዘራበት አሸዋማ መሬት፣ ከዚያ የጥድ ጫካ አለ። ከጫካው ወዲያ ቡግ የሚባል ወንዝ ይፈሳል፤ ከአባይ ጋር ሲያዩት ልጅ ነው፣ ግን ድንበር ነው። አንድ ሱቅ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የእሳት አደጋ መኪና ማቆሚያ አለ። ሌላው ዝምታ ነው።

ሲት ሃሊና በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ በወፍራም ሹራብ ላይ ቶብ ተከናንበዋል። ሰማንያውን ካለፉ ቆይተዋል፤ ግን አከናነባቸው አልተበላሸም። የመንደሩ ሰው "ሱዳናዊቷ" እንደሚላቸው በኋላ ሰማሁ። ካርቱም ፈረንጇ፣ ዛሌሼ ሱዳናዊቷ!

"ሰዒዳ ያ ቢቲ!" ብለው አቀፉኝ። ቢቲ ልጄ ማለት ነው። ወዲያው ሻንጣዬን እያዩ "ወይካ አመጣሽ?" አሉ።

"አመጣሁ።"

"ለኡስማን ነገር ከሆነ የመጣሽው ግን በመጣሽበት ተመለሽ። ለወይካው ከሆነ ግቢ።"

"ለወይካው ነው" ብዬ ገባሁ። ውሸት ነበር፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

ያን ቀን በፖላንድ ድንች የወይካ ወጥ ሠራን። ሲት ሃሊና ሦስት ጊዜ አስጨመሩኝ። ስለ ዶክተሩ አንድም ቃል አልተነሳም።

ከጫካው ውስጥ

በማግሥቱ ጎረቤታቸው አቶ ስታሼክ መንደሩን ላሳይሽ ብለው መጡ። አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ ማግዳ ታስተረጉማለች። ጫካው ውስጥ ጥድ የበቀለባቸው ጉድጓዶች አሳዩኝ። በዚያ ትልቁ ጦርነት መጀመሪያ ጀርመኖች በወንዙ ወዲህ፣ ሶቪየቶች በወንዙ ወዲያ ተፋጥጠው ኖሩ። በኋላ ጦርነቱ በመንደሩ ላይ ተመልሶ ሲያልፍ የእንጨት ቤቶቹ ነደዱ። ሰው ጫካ ገብቶ መሬት ቆፍሮ፣ ግንድና አፈር ጣሪያ አድርጎ ከረመ።

"ይኼኛው የኛ ነበር። እናቴ እዚህ ወለደችኝ" አሉ ስታሼክ፤ ጉድጓዱን ሰው ሳሎኑን እንደሚያሳይ በኩራት ነው ያሳዩኝ።

እኔ ወደ ገዳሪፍ ከመሸሼ በፊት፣ ካርቱም አርካዊት ሰፈር ዘመዶቼ ቤት ደረጃ ስር ተጠቅጥቀን ያደርንበትን ነገርኳቸው። ማግዳ ስታስተረጉም ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምን በላችሁ?" አሉኝ። ይህ ጥያቄ ገረመኝ። ስለ ጦርነቱ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ማን እንደተኮሰ ነው የሚጠይቀኝ። ምስርና የደረቀ ዳቦ ብዬ መለስኩላቸው። እሳቸው ደግሞ "እኛ የበሰበሰ ድንች" አሉ። ከዚያ በኋላ ማስተርጎም ብዙም አላስፈለገንም።

ስንመለስ በየጓሮው የሞተ ሰው ተቀብሮ እንደነበር፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ተነስተው ወደ መቃብር ስፍራ እንደተወሰዱ ነገሩኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ይህን ለሲት ሃሊና ማስረጃ አደርገዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ስታሼክ ግን ፊታቸው ቀዘቀዘ። "ሁሉም አልተገኙም። ሃሊናን ጠይቂያት" አሉ።

የቅዱሳን ሁሉ ቀን

እዚያ አገር ኅዳር ሊገባ ሲል የሙታን መታሰቢያ ቀን አለ። ከተማ የገባ ሁሉ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ መቃብር ይታጠባል፣ ይወለወላል፣ ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ የሚነድ ሻማ ይቀመጥበታል። ሱቁ ውስጥ አንዱ ስምንት ዝሎቲ ነው። ሲት ሃሊና እቅፍ ሙሉ ገዙ። ሊመሽ ሲል መቃብር ስፍራው ውስጥ ብርሃን ያልበራለት ሰው አልነበረም፤ ወራሽ የሌለው መቃብር ላይ ሳይቀር የሚያልፈው ሁሉ አንድ ያስቀምጣል። ሰው በቀስታ ያወራል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ። የሐዘን ቀን ይሆናል ብዬ ነበር፤ ዘመድ ጥየቃ ነው የሚመስለው።

አንድ ሻማ ቀረ። ሲት ሃሊና ክንዴን ይዘው ከመቃብር ስፍራው አስወጡኝ። በመንገዱ ትንሽ ሄደን፣ ድንቹ የተነቀለበት ማሳ ጫፍ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ቦዩ አጠገብ ሻማውን አስቀመጡ። መቃብር የለ፣ መስቀል የለ።

"እዚህ ማን አለ ሲት ሃሊና?"

"አባቴ" አሉ። "ይመስለኛል።"

ከዚያ ነገሩኝ። አባታቸው በጦርነቱ መጨረሻ በፍንጣሪ ሞቱ። እናታቸው ከጎተራው ጀርባ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ስር ቀበሯቸው። ወታደሮች ትኩስ አፈር ካዩ የተደበቀ እህል ይፈልጉ ስለነበር፣ እናትየው ደልድለው ድንች ተከሉበት። ጎተራው ነደደ፤ ዛፉም ነደደ።

"ጦርነቱ ሲያልፍ ሰዎች አካፋ ይዘው መጡ። እናቴ እዚህ ነው አለች፤ ቆፈሩ፣ የለም። እዚያ ነው አለች፤ ቆፈሩ፣ የለም። እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፣ ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ። ሰው የገዛ ጓሮው ጠፋበት፣ ሰዒዳ። እስኪቆፍሩ ድረስ አባቴ ጓሯችን ነበር። ከቆፈሩ በኋላ የትም የለም።" ቶባቸውን አጠበቁ። "አሁን ገባሽ? ካልተቆፈረ ኡስማን እዚያው አለ።"

ገባኝ። ካርቱም ሙሉኽያ ዝሪበት ያሉኝ የእናታቸውን ዘዴ ይዘው ነው። በልባቸው ውስጥ አብሮ የተዘራውን ፍርሃት ግን እኔ አላየሁም ነበር። እኔም የደበቅኩት ነገር ነበረኝ።

"ሲት ሃሊና፣ የሎሚው ዛፍ ተቆርጧል። ለማገዶ ወስደውታል።"

ዶክተሩን የቀበርናቸው ከሎሚው ስር ነው። አሮጊቷ "እንግዲያው በምን ታገኚዋለሽ?" አሉኝ፤ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ።

"በዚሩ" አልኳቸው። ዚር ሱዳኖች የመጠጥ ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ የብረት መቆሚያ አለው፤ ከሥሩ ሌት ተቀን ውሃ ያንጠባጥባል። "ጋኑ ተሰብሯል፤ መቆሚያው ግን ሲሚንቶ ውስጥ ስለሆነ ሊነቅሉት አልቻሉም። ሙሉኽያውን የዘራሁት ጠብታው በሚሄድበት ነው፣ እኔ ባልኖርም እንዲጠጣ ብዬ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ" አልኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አልነበርኩም። "እናትዎ ብቻቸውን ነበሩ፤ እኛ ሁለት ነን። ሁለታችንም ስናልፍስ ማን ያውቀዋል? ማግዳ በየዓመቱ ሻማ ይዛ የት ትሂድ?"

አንድ መኪና መብራቷን አብርታ አለፈች፤ የሻማው ነበልባል ተኛና ተመልሶ ቆመ። ሲት ሃሊና ረጅም ጊዜ አዩት።

"ቆፍሪ" አሉ በመጨረሻ። "ካገኘሽው ደውዪልኝ። ካላገኘሽው አትደውዪ።"

ሻማው ነዶ ሲያልቅ ብርጭቆውን ከቦዩ ዳር አነሳሁ። "በኛ ደንብ መቃብር ላይ ሻማ አይበራም፤ ብርጭቆውን ግን ስጡኝ" አልኳቸው። በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከሱቁ ደግሞ አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ ገዛሁ።

ማንሺያ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ኬላው ላይ ሌላ ወታደር ነበር፤ ካልሲውን "ለጓደኛህ ስጠው" ብዬ ሰጠሁት፤ ይስጠው አይስጠው አላህ ያውቃል። ጀሪፍ ስደርስ ወርቅነሽ የወጥ ጭልፋዋን እንደያዘች ተጠመጠመችብኝ። "አንቺ ጅል፣ እውነትም ተመለስሽ!" አለች። ብርድ ልብሱን ግን አልመለሰችም።

ኮሚቴው በቀጠረኝ ቀን አብራኝ መጣች። ቆፋሪዎቹ ጭምብል አድርገዋል። የሎሚውን ጉቶና የዚሩን ብረት አሳየኋቸው፤ በሁለቱ መካከል ቆፈሩ። ጉልበት ድረስ ገቡ፤ የለም። ወደ ቤቱ በኩል አሰፉት፤ የለም። የኮሚቴው ሰው በትሕትና "እህቴ፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሌላ ቀን እንሞክር" አለኝ። በዚያች ደቂቃ እኔ የዛሌሼዋ እናት ሆንኩ። ወርቅነሽ እጄን ያዘች።

ያኔ ነው ጠብታውን ያስታወስኩት። ለሲት ሃሊና በአፌ የነገርኳቸውን በእጄ ረስቼው ነበር። ሁላችንም የምንፈልገው ብረቱን አይተን ነው፤ እኔ ግን የዘራሁት ውሃውን ተከትዬ ነው። "አንድ ባልዲ ውሃ ስጡኝ" አልኩ። ዚሩ በነበረበት ላይ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩት። ውሃው ወደ ቤቱ አልሄደም። ሲሚንቶውን ዞሮ፣ በአጥሩ በኩል ቀጭን መስመር ሠርቶ ወርዶ፣ አንድ ቦታ ላይ ተጠራቀመ።

"እዚህ" አልኩ።

ብዙ አልቆፈሩም። አንደኛው ቆፋሪ አካፋውን ጥሎ በእጁ መጥረግ ጀመረ። ነጭ ጨርቅ ታየ፤ ቀጥሎ ሰማያዊው መስመር። ወርቅነሽ አማተበች፤ እኔ "አልሐምዱሊላህ" እያልኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቆፋሪው አንገቱን ሳያነሳ "አላህ ይርሐመው፤ አግኝተነዋል ያ ኡኽቲ" አለኝ። እኅቴ ማለቱ ነው።

ዶክተር ኡስማን በዚያው ቀን መቃብር ስፍራ በስማቸው ተቀበሩ። ቆርቆሮ ላይ ስማቸውን ጻፍንላቸው። ሱዳኖች መቃብር ላይ ውሃ ያፈስሳሉ፤ ለወፍም ጥራጥሬ ይበትናሉ። እኔ የዛሌሼን ብርጭቆ አጥቤ፣ በራስጌያቸው አፈር ውስጥ አደላድዬ ውሃ ሞላሁበት። አጠገቡ ያሉት ብዙ መቃብሮች ቁጥር ብቻ አላቸው። ለነሱም ጥራጥሬ በተንኩ፤ ይህን የተማርኩት ከዛሌሼ ሰዎች ነው። ከዚህ ጉዞ ይዤ የመጣሁት ዋናው ነገርም እሱ ነው፦ ጦርነት ሰውን ብቻ ሳይሆን ቦታንም ይደብቃል፤ ሰው ካለ ግን ቦታው ይገኛል። የተቃጠለው መንደር ዛሬ ድንች ይነቀልበታል፣ ልጆች ይሯሯጡበታል። ካርቱምም እንዲሁ ትሆናለች ብዬ ሳስብ ራሴን እያታለልኩ አይመስለኝም።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ወዲያው ተነሳ፤ ግን ድምፅ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል።

"ሲት ሃሊና" አልኩ።

"ደወልሽ" አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም። ማልቀስ ጀመሩ፤ ስለ ቶቡ፣ ስለ ሰማያዊው መስመር፣ ስለ ውሃው እየነገርኳቸው ጠበቅኳቸው።

"ብርጭቆውስ?" አሉ በኋላ።

ዞር ብዬ አየሁ። ሁለት ድንቢጦች ጠርዙ ላይ ቆመው ይጠጣሉ።

"ወፎች እየጠጡበት ነው።"

"የኛ ሽመላዎች ናቸው?"

"አይ፣ የሰፈሩ ድንቢጦች ናቸው።"

ሳቁ፤ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ይሰማኛል። "እነሱም ይጠጡ" አሉ። ከዚያም "ሰዒዳ ያ ቢቲ፣ ነገም ደውዪልኝ" አሉኝ።